የዓሣ ኩሬው ዘበኛ

እንዳላማው ሞተ። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሁዳዴ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጣልያን ጨሞጋ ወንዝ ዳር ባስቆፈረው የዓሣ ኩሬ አፋፍ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ልብሱ ውኃ ጠጥቷል። ከጆሮው በላይ ተፈንክቷል። ኩሬው ላይ አርባ የሚሆን ዓሣ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ ይንሳፈፋል። አፋፉ ላይ የብርብራ ዱቄት የያዘ ቅል ተቀምጧል፤ አጥማጅ ውኃ ላይ በትኖ ዓሣ የሚያሰክርበት ዱቄት።

የከተማው የጣልያን ፖሊስ አለቃ ማሬሻሎ ካርዶ ሬሳውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ወፍራም ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይከፋዋል።

ሥራነሽ ከኋላው ቆማለች። አስተርጓሚው ናት። አስመራ ጣልያን ቤት ስድስት ዓመት ወጥ ሠርታ፣ ወጡን ትታ ቋንቋውን ይዛ አገሯ ገባች። አገሬው በሌለችበት «የጣልያን አፍ» ይላታል። ፊት ለፊት «እመት ሥራነሽ» ናት።

ማሬሻሎው የሬሳውን እጅና እግር አሳያት። ሁለቱ አውራ ጣቶች በልጥ ተጠፍረዋል፣ የእግሮቹም እንደዚያው። አስረው ነው ያሰጠሙት አለ። ሽፍቶች ናቸው፤ ዓሣውን በብርብራ ፈጁ፣ ጠባቂውን አስረው ገደሉ፣ መንግሥትን ለማዋረድ።

ሥራነሽ አየች። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ለሚሰጥሙት ሰው ማን ዓይኑን ይከድንለታል? ሰውን ለመያዝ አውራ ጣቱን በቀጭን ልጥ የሚያስርስ ማን ነው? ይሄ ግነዛ ነው። አገሬው ለሬሳ የሚያደርገው። የገደለው ሰው ቆሞ ገንዞታል። ገድሎ የሚሮጥ ሽፍታ ሬሳ አይገንዝም።

አልተናገረችም። ያልተጠየቀችውን አትናገርም፤ ሦስት ዓመት የኖረችው በዚሁ ነው።

ዓሣውን ልቀሙና ቅበሩ ተባለ። አንዱን አነሳች። ከግራ ጉንጩ ሥር ያለው መተንፈሻው ተቀዷል። ሁለተኛውን አነሳች። እሱም በግራ። ሦስተኛውም። ሁሉም።

ፀሐይ ሳትከር ባዘዘው የሚባል አጥማጅ ከግድቡ በታች ካለው ጎጥ ታስሮ መጣ። ሰኞ ቀትር ላይ ከአዲስ አበባ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ኩሬውን ሊያይ ይመጣል። ማሬሻሎው የሚፈልገው ተቆጣጣሪው ሲደርስ ነገሩ አልቆ፣ ሰው ተሰቅሎ እንዲጠብቀው ነው።

ሦስት ቀን።

*

ነገሩ ከግድቡ ይጀምራል። ጣልያን ለከተማው መብራት፣ ለወፍጮው ጉልበት ብሎ ጨሞጋን ገደበ። ከላይ መብራት በራ። ከታች ወንዙ ጠጠር ሆነ። በክረምት ሽቅብ ወጥቶ የሚወልደው ዓሣ ግንቡን እየገጨ ተመለሰ፤ ቀጥሎም መምጣቱን ተወ። የታችኛው ጎጥ መሬቱ ድንጋይ ነው። የሚያኖረው ያ ዓሣ ነበር።

ባዘዘው ሰው አስከትሎ የጣልያኑ ምሽግ በር ድረስ መጥቶ ጮኸ። የተረጎመችው እሷ ናት፤ ስድቡን አውጥታ።

የሚገርመው መንግሥት ሰማ። ግድቡ ላጠፋው ዓሣ ማካካሻ ማርቢያ ይቆፈር፣ ከጣና የዓሣ ጫጩት ይምጣ፣ ሲያድግ ከግድቡ በታች ይለቀቅ ተብሎ ከሮም በጀት ወረደ። ሴቶቹ ሳቁ። ዓሣም ጫጩት አለው? እንቁላሉን ማን ታቀፈው? አሉ። ኩሬው ተቆፈረ፣ በሽቦ ታጠረ፣ የተጠጋ ይተኮስበታል ተባለ። ባንዲራው በተሰቀለ ዕለት ባዘዘው ሕዝብ መሀል ቆሞ ተናገረ፤ ዓሣውን ካልመለሳችሁ ኩሬያችሁንም ጠባቂያችሁንም ውኃ ይብላው አለ። አሁን የሚያሰቅለው ይሄ ንግግር ነው። ያን ዕለትም የተረጎመችው እሷ ናት። ያን ዕለት ግን ምንም አላወጣችም፤ ስለደከማት።

ድፍን ዓመት አለፈ። ከታች የተለቀቀ አንድ ዓሣ ያየ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

*

የማርቢያው ኃላፊ ሲኞር ፓርዲ ይባላል። መነጽራም፣ ከሲታ፣ እጁን ሁልጊዜ በመሐረብ የሚጠርግ ሰው። ዓርብ ከሰዓት ማሬሻሎው ቢሮው ሄደ፤ ሥራነሽም ተከተለች። ሁለት ጣልያኖች ሲያወሩ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ግን ውጪ ብሎ ያስታወሳትም የለም። ግድግዳው ጥግ ቆመች።

ሲኞሩ አምስት ሺህ ዓሣ ነበረኝ አለ። አንድም አልተረፈም። ማሬሻሎው የተንሳፈፈው አርባ ነው አለ፤ የቀረውስ? ሰጥሟል አለ ሲኞሩ፣ መሐረቡን እያጠፈ። ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ በሪፖርቱ ላይ ብርብራው እንዲጻፍ ለመነ፤ ሽፍቶች የሚለው ቃልም እንዲገባ። ማርቢያውን እንደ አዲስ ለመጀመር የሚያስፈልገውን በጀት ለሮም ጽፎ ጨርሷል። ከሪፖርቱ ጋር አብሮ በቴሌግራም ይሄዳል።

«ጠባቂውስ?» አለ ማሬሻሎው። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«የትኛው?» አለ ሲኞሩ። «አዎ። ጥሩ ሰው።»

*

ጠባቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ እንዳላማውና አንለይ። አንለይ የሥራነሽ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራውን ያስገኘችለት እሷ ናት፤ ለማሬሻሎው ተናግራ፣ ቀይ ጣርቡሽ ቆብና ጠመንጃ አስጨብጣ። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያለ እሱ ሰው የላትም።

ከማሬሻሎው ጋር ሆና ግድቡ ላይ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል። ከእንዳላማው ጋር አንድ የሚካኤል ማኅበር ነበሩ፣ በየወሩ ጽዋ የሚቀባበሉ። ማሬሻሎው ሐሙስ የት ነበርክ ሲለው ረጋ ብሎ መለሰ። አምበር ገበያ ወረደ፣ ጨው ሊገዛ። በቅሎዋ አነከሰችበት፤ እዚያው ዘመድ ቤት አደረ። ዓርብ ረፋድ ሲመለስ ጩኸት ሰማ። በቃ። ሥራነሽ ቃል በቃል ተረጎመች። ማሬሻሎው ጻፈ።

ሲሄዱ አንለይ ልብሷን ሳብ አደረጋት።

«እታለም፣ ባዘዘው ነው አይደል?»

«እንጃ።»

«እሱ ነው። ያን ዕለት ሲዝት ሰምተነዋል።»

ለወንድሟ አዘነችለት። ሰው ሲያዝን የሚጠላው ሰው ይፈልጋል።

*

ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ቤት ብቻዋን ሄደች። ስትገባ ከሴቶቹ አንዷ ቦታ ለቀቀችላት፤ ከአክብሮት ይሁን ከመጸየፍ አልለየችውም። የእንዳላማው ሚስት ዘሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ተቀምጣለች።

ሥራነሽ ያላት ጊዜ አጭር ነው። ባልሽ ጠላት ነበረው ወይ አለቻት። አልነበረውም። ከባዘዘውስ? ከባዘዘው ጋር ሰላም ነበሩ፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ከታች ድረስ ወርዶ ይቅርታ ጠይቆታል። ስለ ምን? ዘሪቱ ይሄን አልመለሰችም። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ እህል አስጠልቶት ነበር አለች። ለነፍስ አባቱ የተናዘዘው ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አልነገራትም። ብቻ፣ ይሄን ደመወዝ ከእንግዲህ አልበላም ይል ነበር።

«ለምን?»

«ተይው፣ ሥራነሽ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ይሰቀላል።»

«ባለቤቴ ከተቀበረ ሌላው ምኔ ነው?» አለች ዘሪቱ። ቆይታ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ሬሳው ሲመጣ ሊገንዙት ተነሱ። ተገንዟል። ዓይኑን ከድኖ፣ የእጁን ጣት አስሮ። ማን እንደሆነ እንጃ። ብቻ የገነዘው ሰው እግዜር ይባርከው። እኔ በሌለሁበት ሰው አላሳጣው።»

ሥራነሽ አሜን አለች።

*

እስር ቤቱ የድሮ ጎተራ ነው። ባዘዘው እግሩ ግንድ ውስጥ ገብቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ እጁ በዓሣ እሾህ የተበጣጠሰ። ማሬሻሎው በርጩማ ላይ ቁጭ አለና መጠየቅ ጀመረ። ገደልክ? አልገደልኩም። ብርብራው የማን ነው? ብርብራ ጫካው ሁሉ ሞልቷል። ሐሙስ ማታ የት ነበርክ? ቤቴ። ማን አየህ? ሚስቴ። ማሬሻሎው ሳቀ።

ከዚያ ባዘዘው ቀና ብሎ እሷን አያት።

«ዓሦቹን አየኋቸው» አለ። «በዚያ ስታሳልፉኝ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከምረው። የእኔ ናቸው።»

«ምን አለ?» አለ ማሬሻሎው።

ይሄ ቃል ከተተረጎመ ገመዱን በገዛ እጁ አጠለቀ ማለት ነው።

«ውኃ ጠማኝ ይላል» አለች።

ማሬሻሎው ዘወር ብሎ ዘበኛውን ጠራ። ዘበኛው አልሰማም፤ ማሬሻሎው እየተራገመ ወደ በሩ ሄደ። ሥራነሽ ጎንበስ አለች።

«ምን ማለትህ ነው? ቶሎ በል።»

ቶሎ አለላት። ሌላው አጥማጅ ልጡን በዓሣው አፍ አስገብቶ ነው የሚደረድረው። እሱ ብቻ በግራ ጉንጩ ነው፣ አባቱ እንዳሳየው። ሳምንቱን ሙሉ ከታች ከቀሩት ኩሬዎች አንድ አንድ እየለቀመ፣ በሕይወቱ በቅርጫት ውኃ ውስጥ አቆይቶ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ አውጥቶ ደረደረው። አርባ አንድ። ሚስቱ ታየች አምበር ገበያ ወሰደችው።

«ታዲያ ኩሬው ውስጥ ማን ከተተው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እነሱ ቤት የምትውይው» አለ። «እኔ የማውቀው አንድ ነው። ብርብራ የሚያሰክረው በሕይወት ያለ ዓሣ ነው። ገበያ ውሎ የመጣውን ዓሣ ምን ያደርገዋል?»

«ይሄን ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ላንቺ?»

ማሬሻሎው በጣሳ ውኃ ይዞ መጣ። ባዘዘው ሱባኤ ይዣለሁ ብሎ አልጠጣም። ማሬሻሎው ጠማኝ አላለም እንዴ ብሎ አፈጠጠባት።

«ቀኑን ረስቶት ነው» አለች።

*

ማሬሻሎውን ቅሉ ከባዘዘው ቤት የወጣ መሆኑን ልጣራ አለችው። ደስ አለው። በቅሎና አንድ ወታደር ሰጣት። ወታደሩ የመጀመሪያው ጠላ ቤት ቀረ።

የባዘዘውን ሚስት ታየችን ቤቷ ደጃፍ ቁማ አገኘቻት። ወጣት ናት፣ ነፍሰ ጡር። ሥራነሽን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ምንም አላውቅም፣ እመት።»

«ስለ ዓሣው ነው።»

«ምን ዓሣ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሥራነሽ ከበቅሎዋ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ባልሽ ነግሮኛል አለቻት፤ ለጣልያኑም አልነገርኩም። ከነገ ወዲያ ይሰቅሉታል። ከዚያ በኋላ ዝም ብትዪም እኔ ምንም አይጎድልብኝም።

ታየች አለቀሰች። ከዚያ ተናገረች። ዝም ያለችው ዓሣው የባሏ መሆኑ ከታወቀ ኩሬው ውስጥም የጨመረው እሱ ነው ይላሉ ብላ ነው። ሐሙስ ገና ዓሣውን መሬት ሳታወርድ አንድ ሰው መጣ። ጋቢ ተከናንቧል። ከበቅሎ ጋር ነው። ስንት ነው ሳይል ሁሉንም አለ።

«በሁዳዴ ሰው ቢገዛ ለቤቱ ሁለት ሦስት ነው። ለማን ነው ይሄ ሁሉ አልኩት። ለማኅበር ነው አለኝ። በጾም ምን ማኅበር አለ? ደግሞ አልተከራከረም። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው፣ እመት፣ ወይ ሌባ ነው ወይ የመንግሥት ነው።»

«መልኩን አየሽው?»

«ተከናንቧል አልኩዎ።»

«ድምፁስ? ቁመቱ?»

«እንደ ሰው ነው። ምን ልበልዎ?» ታየች አሰበች። «ሲጭን አይቼዋለሁ። ልጡን ጫፍና ጫፍ አቀጣጥሎ ኮርቻው ላይ ሲያስር። በግራ እጁ ነው የሚያስረው። ቋጠሮው ሁሉ ወደ ወዲያ ነው የሚዞር። ግራኝ እያልኩ በሆዴ ሳቅሁ።»

ሥራነሽ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። በቅሎዋ ላይ ለመውጣት ሁለት ጊዜ እርካቡን ሳተች።

«ምነው፣ አመመዎ?» አለች ታየች።

«ፀሐዩ ነው።»

*

እናታቸው የአንለይን ግራ እጅ በመቀነት እያሰረች ነው ያሳደገችው። በግራ የሚበላ ሰይጣን አብሮት ይበላል እያለች። መብላቱን ተወ። ማሰሩን ግን አልተወም። ጥጃም ሲያስር፣ አልጋም ሲጠፍር፣ ጭነትም ሲጭን በግራው ነው። የእሱን ቋጠሮ መፍታት ያለ እሷ የሚችል አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ማሬሻሎው ሳይነሳ ቢሮ ገባች። ከሬሳው እግር ላይ ለማስረጃ የተወሰደው ልጥ በፖስታ መሳቢያው ውስጥ ነው። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ሬሳውን ያየው የምሽጉ ሐኪም ሳይፈታ በመቀስ ነው የቆረጠው። አወጣችው። ወደ ወዲያ ይዞራል። ቋጠሮው መሀል አንድ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል፣ ጥፍር የምታክል።

ዓርብ ጠዋትም አይታው ነበር። አይታ፣ የሆነ ነገር ከንክኗት፣ ዘወር ብላለች። ለምን ዘወር እንዳለች አሁን ገባት።

*

አንለይን ግድቡ ሥር ከቀረች ኩሬ በቅሎ ሲያጠጣ አገኘችው። ሰው የለም። ልጡን መዳፏ ላይ ዘርግታ አሳየችው።

«ፍታው» አለችው።

እጁ ራሱ ሄደ። ግራው። ሁለት ጣት አስገብቶ ሳብ አደረገና ፈታው። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታወቀው።

ቁጭ ብሎ ነገራት። ኩሬው አንድም ቀን ዓሣ ኖሮበት አያውቅም። ከጣና የመጣው ሁለት በርሜል ነው፤ መንገድ ላይ ሞቶ ደረሰ። ሲኞሩ ማታውኑ አስቀበረው። ሽቦው የታጠረው ባዶው ውኃ እንዳይታይ ነው። ከዚያ በኋላ እሱና እንዳላማው ዓመት ሙሉ ውኃ ጠበቁ። በየወሩ ደመወዝ ተቀበሉ። በጀቱ የት እንደገባ አልጠየቁም፤ ሲኞሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ቪላ ሲያሠራ ግን አይተዋል። ተቆጣጣሪ ይመጣል የሚል ደብዳቤ ሲደርስ ሲኞሩ አንለይን ጠራው። ዓሣ ገዝተህ ጣል፣ ብርብራ አስቀምጥ፣ ሽፍታ ፈጀው በሉ አለው።

«እንዳላማው እምቢ አለ» አለ አንለይ። «ሊነጋጋ ሲል ዓሣውን እየጣልኩ ደረሰብኝ። እስከ ዛሬ ዝም ብለን በላን፣ ያ ይበቃል አለኝ። ይሄን ከተናገርን የታችኛው ጎጥ ይቃጠላል፤ ለተቆጣጣሪው እውነቱን እነግረዋለሁ አለ። ለመንኩት። በሚካኤል ለመንኩት።»

«ከዚያስ?»

«ገፋሁት። የኩሬው ግንብ ጠርዝ መታው፣ ውኃው ውስጥ ገባ።»

«መዋኘት አይችልም ነበር?»

አንለይ መሬቱን አየ።

«እጁን ዘረጋልኝ» አለ። «አልተቀበልኩትም።»

ወንዙ የለም። ድምፅ የሚያሰማ ነገር አልነበረም።

«ቆይቼ አወጣሁት» አለ። «እንደዚያ ልተወው አልቻልኩም። የማኅበር ወንድሜ ነው። እጄ ላይ የነበረው ልጡ ብቻ ነው።»

ሥራነሽ ዘሪቱን አሰበች፤ እግዜር ይባርከው ያለችውን። አልነገረችውም።

ጫካ ግባ አለችው። አርበኞቹ ለም በር የሚባለው ቦታ ናቸው። በሁለት ሰዓት ትደርሳለህ።

ሳቀ፤ የሰው ሳቅ አይመስልም። ጣርቡሹን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ይሄን አድርጌ ሦስት ጊዜ ከእነሱ ጋር ተታኩሻለሁ። ማን ይቀበለኛል፣ እታለም? ገና ከሩቅ ነው የሚደፉኝ።» ከዚያ ቀጠለ። «ባዘዘው ምንሽ ነው? ዘመድሽ ነው? ጎረቤትሽ ነው? አንቺን ባንዳ እያለ የሚሰድብ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም በዪ። ዝም ማለት ታውቂበታለሽ። እዚህ ያስገባሽኝም አንቺ ነሽ።»

ይሄ እውነት ነው። ልጡን ከእጁ ተቀበለችና ሄደች።

*

ሰኞ ጠዋት የማሬሻሎው ጠረጴዛ ላይ የስቅላቱ ትእዛዝ ተዘርግቷል። የባዘዘው ስም ተጽፏል። ፊርማ ይቀረዋል። ተቆጣጣሪው ቀትር ላይ ይገባል ተብሏል። ውጭ አናጢ ይመታል።

ሥራነሽ በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረችው፤ ባዶውን ኩሬ፣ የገበያውን ዓሣ፣ የሲኞሩን ቪላ። የገፋውን ሰው ስም ብቻ አቆየች። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ኩሬውን አስደርቀህ አሳየው አለችው። አንድ የሰጠመ ዓሣ ከተገኘ እኔን ስቀለኝ።

ማሬሻሎው አላቋረጣትም። ሲጋራ ለኮሰ። አልተገረመም። ያኔ ገባት፤ ያውቅ ኖሯል፣ ሁሉንም ባይሆን የሚበቃውን ያህል።

«ሮም መልስ ሰጥቷል» አለ። «ትናንት በቴሌግራም። የአዲሱ ማርቢያ በጀት ተፈቅዷል። እጥፍ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰውዬ ኩሬ ሊያይ አይደለም፤ መሠረት ሊጥል ነው።»

«ዓሣ አልነበረም እያልኩህ ነው።»

«አምስት ሺህ ዓሣ ነበር። ሽፍቶች ፈጁት። ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ ሄዷል። አንድ ጣልያን ስሙ ከዚህ ቢሮ በክፉ አይወጣም።» ትእዛዙን ወደ እሷ ገፋው። «ጠባቂው ግን ሞቷል። ለሱ አንድ የአገሬው ሰው ያስፈልገኛል። አንድ። አጥማጁ ካልሆነ ሌላ ስም አምጪ። ለእኔ ሁለቱም ያው ነው።»

ከውጭ አናጢው መምታቱን ትቶ ከሰው ጋር ይቀልዳል። የሚስቁት ይሰማል።

«በመጀመሪያ የባዘዘውን መፍቻ ወረቀት ፈርም» አለች።

ማሬሻሎው ትክ ብሎ አያት። ወረቀት አወጣ፤ የሚፈታው ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ ነው ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማኅተሙን መታ። እጇን ዘረጋች። ሰጣት። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«እሺ። ማን ነው?»

«ሁለተኛው ጠባቂ። አንለይ።»

ሲጋራው አፉ ላይ ቆመ። «ወንድምሽ አይደለም እንዴ?»

«ወንድሜ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

ማሬሻሎው ሲጋራውን ከአፉ አነሳ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። እንዲያውም ይሻላል አለ፣ ለራሱ ይሁን ለእሷ፤ ሽፍታ የገዛው ዘበኛ፤ ሪፖርቱም አይቀየርም። የባዘዘውን ስም ሰረዘ። ከላይ መጻፍ ጀመረ፤ ተሳሳተ። ሰርዞ እንደገና ሞከረ፤ የአገሬው ስም ለጆሮው አይገባም፤ እንደገና ተሳሳተ። የአባቱስ ስም እንዴት ነው የሚጻፈው አለ።

ሥራነሽ ብዕሩን ከእጁ ወሰደች። የወንድሟን ስም ጻፈች፤ ከዚያ የአባቷን።